ክፍት የነበረው በር፦ በአውስትራሊያ የበግ ጣቢያ የሦስት ሌሊት ቆይታ

አጎቴ ከመንዝ ወደ አደላይድ የመጡት ለእህቴ ሰርግ ነበር። ሰርጉ አለፈ። መመለሻቸው አንድ ወር ሲቀረው፣ «አገሩ የበግ አገር ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሥጋውን በላሁ እንጂ በጉን አላየሁም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ ሰፈር ያለው በግ ሱፐርማርኬት ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለው ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግ ያረቡ ሰው ናቸው።

ስለዚህ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ፣ ወደ ሰሜን ነዳን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና አጎቴ ነን። የሄድነው ፍሊንደርስ ሬንጅስ ወደሚባለው ተራራማ አካባቢ ነው። ሆከር የምትባለው ትንሽ ከተማ ከአደላይድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከእሷ አለፍ ብለን፣ በሥራ ላይ ባለ የበግ እርሻ ውስጥ ድንኳን ተክለን ሦስት ሌሊት አደርን። የእርሻውን ስም አልጠራም። ባለቤቶቹ ደጎች ነበሩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ጥፋቱ አንድ በር መዝጋቴ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔም እስኪነጋ ድረስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እዚህ አገር ያለን ሐበሾች በእረፍት ቀን ከከተማ መውጣት እየለመድን ስለሆነ፣ የሆነውን በዝርዝር ልጻፈው ብዬ አሰብኩ።

እረኛ የሌለው በግ

«ስቴሽን» ሲሉ ጣቢያ ማለታቸው ነው፤ የባቡር ጣቢያ እንዳይመስላችሁ። በደረቁ የአውስትራሊያ ክፍል ያለ ሰፊ የከብት ወይም የበግ እርሻ በዚህ ስም ይጠራል። ከአንዱ አጥር ላይ ቆማችሁ ሌላኛውን አጥር አታዩትም። ከዋናው መንገድ ተገንጥለን እስከ መኖሪያ ቤቱ ሩብ ሰዓት ያህል ነዳን። በመንገዱ ላይ ያየነው በግ ሃያ አይሞላም። አጎቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ግራና ቀኝ ያያሉ።

«እረኛው የታለ?»

«እረኛ የላቸውም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ይጠብቃቸዋል?»

«አጥሩ» አልኳቸው። ተሳስቼ ነበር፤ ግን አላወቅሁም።

ድሮ እረኛ ነበር። በ1850ዎቹ (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) በጎች በዚህ አገር የሚጠበቁት በሰው ነበር። በ1851 ወርቅ ተገኘ ሲባል ብዙ እረኞች በጋቸውን ጥለው ወደ ቪክቶሪያ ሄዱ። ቀስ በቀስ የሽቦ አጥር ተስፋፋ። የመሬቱ ጥንተ ባለቤቶች አድኛማትንሃ ይባላሉ፤ ትርጉሙ የዓለት ሰዎች ማለት ነው። ከእነሱም ብዙዎች በነዚሁ ጣቢያዎች ላይ እረኛና ሸላች፣ አጥር ሠሪም ሆነው ኖረዋል። በ2009 የፌዴራል ፍርድ ቤት በአካባቢው ሰፊ መሬት ላይ ያላቸውን ነባር መብት አጽድቆላቸዋል። ገበሬው መሬቱን የያዘው በኪራይ ነው። በደቡብ አውስትራሊያ የግጦሽ መሬት ውል ብዙ ጊዜ እስከ 42 ዓመት ይረዝማል፤ ስንት በግ ማሰማራት እንደሚቻልም ገደብ አለው።

አጎቴ ስለ ጅብ ጠየቁ። ጅብ የለም፤ ዲንጎ የሚባል የዱር ውሻ ግን አለ። እሱን ከበግ አገር ለማስቀረት ከደቡብ አውስትራሊያ እስከ ኩዊንስላንድ 5,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አጥር ተሠርቷል። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ካንያካ

ወደ እርሻው ስንሄድ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ቆመን ነበር። ከኩዎርን ወደ ሆከር ሲሄዱ ካንያካ የሚባል የድንጋይ ፍርስራሽ አለ። ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ቆሟል፤ የምድጃው ቦታ ይታያል። በደጉ ጊዜ ወደ 70 ቤተሰብ የሚኖርበት ትልቅ የበግ ጣቢያ ነበር።

ያቋቋመው ሂዩ ፕሮቢ የሚባል የመኳንንት ልጅ ነው። በነሐሴ 1852 በ24 ዓመቱ ሞተ። የሞተው በጎርፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የሚመስለው የዊሎክራ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ሲሻገር ወሰደው። ከእሱ በኋላ ጣቢያው አደገ፤ በ1860ዎቹ ድርቅ ግን በሺህ የሚቆጠር በግ አለቀ። በ1865 ጆርጅ ጎይደር የሚባለው የመሬት ቀያሽ ድርቁ የደረሰበትን ቦታ በፈረስ እየዞረ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ በስተሰሜን ዝናብ ስለማይታመን እህል አትዝሩ ነው ያለው። ጥቂት ዓመት ደህና ዘነበ። ሰዎች መስመሩን አልፈው ስንዴ ዘሩ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ ተመልሶ መጣና ቤታቸውን ጥለው ወጡ።

አጎቴ ግድግዳውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ውሃው ከየት ነበር የሚመጣው?» አሉኝ። የተለመደ ጥያቄያቸው ነው። የትም ቦታ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ውሃውን ነው። እኔ ከሀያ ዓመት የቧንቧ ኑሮ በኋላ ይህን መጠየቅ ትቻለሁ።

ድንኳን ለምን ተፈቀደ

የበግ ገበሬ ለምን እንግዳ ያሳድራል? መልሱ ሱፍ ነው።

እስከ 1991 ድረስ በአውስትራሊያ ሱፍ የዋጋ ወለል ነበረው። ጨረታ ላይ ከወለሉ በላይ የሚሰጥ ከጠፋ የሱፍ ኮርፖሬሽኑ ራሱ ገዝቶ መጋዘን ያስገባል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወለሉ ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ሱፍ 870 ሳንቲም ደረሰ። ዋጋው ሲያምር ገበሬው በግ አበዛ፤ የአገሪቱ በግ ወደ 170 ሚሊዮን ሆነ። ገዢዎቹ፣ በተለይ ሶቪየት ኅብረትና ቻይና፣ ግዢ ሲቀንሱ መጋዘኑ ሞላ። በየካቲት 1991 ወለሉ ሲነሳ 4.7 ሚሊዮን ቦንዳ ሱፍ ተከማችቶ ነበር። ዋጋው ወደቀ። ክምችቱ ተሸጦ ያለቀው በ2001 ነው። በዚያ ቀውስ ብዙ ገበሬዎች ገዢ ያጣውን በጋቸውን ተኩሰው ቀበሩ።

ይህን ለአጎቴ ስተረጉምላቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ቀበሩት?» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ዛሬ የአገሪቱ በግ ከዚያ ጊዜው ግማሽ አይሞላም። በፍሊንደርስ ያሉ ብዙ ጣቢያዎች የሸላቾችን ማደሪያ ለእንግዳ አከራዩ፤ በደረቁ ወንዝ ዳርም ድንኳንና ካራቫን ማቆም ፈቀዱ። እኛን የተቀበለችን የገበሬው ሚስት ናት። በደረቁ ዓመት ቤታቸውን ያቆመው የካምፑ ገንዘብ መሆኑን ሳትደብቅ ነገረችን። እንዲህ ያለ ቦታ ማደር ደስ የሚለኝ ለዚህም ነው። የምንከፍለው ገንዘብ የት እንደሚገባ እናያለን።

በእጅ የተሳለ ካርታ ሰጠችንና ደንቡን አንድ በአንድ ነገረችን። ውሻ አይገባም። ለቀበሮና ለዲንጎ «1080» የሚባል መርዝ በሥጋ ተደርጎ ስለሚጣል የቤት ውሻ ከበላው አይተርፍም። የሚጠጣ ውሃ ይዛችሁ ኑ፤ የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ በግ ይችለዋል፣ ሰው ግን አይጠጣውም። እሳት በተሠራለት ቦታ ብቻ ይነዳል፤ የወደቀ እንጨትም ከወንዙ አይለቀም፤ የእንሽላሊትና የወፍ ቤት ነው። ወንዙ ውስጥ ድንኳን አይተከልም። የፕሮቢን ነገር ሰምተን ስለመጣን ይህኛው ወዲያው ገባን። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥርም አይታደርም።

ዛፎቹ ቀይ ባህር ዛፍ ናቸው። አጎቴ አንድ ቅጠል በጠሱ፤ በመዳፋቸው አሹትና አሸተቱት። «ይኼማ የኛው ነው!» ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባህር ዛፍ ወደኛ አገር የሄደው በአፄ ምኒልክ ዘመን ከዚህ ነው። እኛ ግን ለአቅመ ማገር ሲደርስ እንቆርጠዋለን። እዚህ ለብዙ መቶ ዓመት የቆመ አለ። ግንዱን እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘን መክበብ አልቻልንም። እንዲህ ያረጀ ዛፍ ደግሞ ነፋስ ሳይኖር፣ በሙቀት ቀን፣ ትልቅ ቅርንጫፍ ድንገት ይጥላል።

የመጨረሻው ደንብ ስለ በር ነበር። «በሩን እንዳገኛችሁት ተዉት።» ሁሉንም ደንብ ለአጎቴ ተርጉሜላቸዋለሁ። ይህን ግን ዘለልኩት። ለመንዝ ሰው ስለ በጎች በር ምን ይነገረዋል ብዬ ነው።

በሩ

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አለፈ። ካርታውን ይዘን ወደ አንድ ኮረብታ ነዳን። መንገዱ ላይ አንድ የብረት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘን። ወደ ኋላ ተገፍቶ ከአጥሩ ጋር በሽቦ ታስሯል። ከእኛ በፊት ያለፈ እንግዳ ረስቶት ነው አልኩ። አለፍን። ከመኪናው ወርጄ ሽቦውን ፈታሁ። በሩን ሳብኩት። ሰንሰለቱን አጠላለፍኩ። ልጄ ከኋላ ወንበር «እንዳገኛችሁት አላለችም እንዴ?» አለችኝ። «በግ ይወጣል» አልኳት። ስንመለስ በሌላ መንገድ ስለመጣን ያንን በር ደግመን አላየነውም።

ያ ሽቦ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ። የተረሳ በር አይታሰርም። በነፋስ እንዳይዘጋ ሆን ብሎ የሚያስረው ሰው አለ።

በማግስቱ ሊነጋ ሲል አጎቴ ቀሰቀሱኝ። በልማዳቸው ሌሊት ተነስተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ በእግራቸው ዞር ዞር ሲሉ ነበር። «ና እስቲ እነዚህን እይ» አሉኝ። ባትሪ ይዤ ተከተልኳቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። በዘጋሁት በር ላይ ስልሳ የሚሆኑ በጎች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። አብዛኞቹ ግልገል ያላቸው እናቶች ናቸው። ብዙ አይጮሁም።

«ተጠምተዋል» አሉ አጎቴ።

«በምን አወቁ?»

«የጠገበ በግ እንዲህ አይቆምም፤ ይበተናል። እነዚህ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነው የሚያዩት። ጡቷን እያት ደግሞ፣ ግልገሉ እየገፋ ምንም አያገኝም።» ከአጥሩ ማዶ፣ ራቅ ብሎ፣ የነፋስ ፓምፕ ይታያል። ከሥሩ ሮቶና የሲሚንቶ ገንዳ አለ።

ልከፍተው እጄን ስሰድ አጎቴ ያዙኝ። «ቆይ። ባለቤቱን ጥራ። የተጠማ በግ ሲለቀቅ እርስ በርሱ ይረጋገጣል፤ ግልገሉ ከሥር ነው የሚቀረው።» ስልክ አይሠራም። እሳቸው እዚያው ቀሩ፤ እኔ ወደ ካምፑ ሮጬ መኪና አነሳሁና ወደ ቤቱ ነዳሁ።

ገበሬው ቡናውን አስቀምጦ ያለ አንድ ቃል ሞተር ሳይክሉን አስነሳ። ውሻው ከኋላው ወጣች። ስንደርስ በሩን ለአንድ በግ ማለፊያ ያህል ብቻ ከፈተው፤ እሱ በአንድ በኩል ቆመ፣ ውሻዋን በሌላ በኩል አስተኛት። አጎቴ ሳይነገራቸው መሐል መንገዱ ላይ፣ ገንዳው አጠገብ ቆሙ። የሚቀድሙትን እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሌላኛው የገንዳ ጫፍ ይመልሳሉ። ሁለቱ ሰዎች በቋንቋ አይግባቡም። አንድ ጊዜም አልተሳሳቱም። ገንዳው ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ አለ፤ ውሃው ሲጎድል ይወርድና ቧንቧውን ይከፍተዋል። በጎቹ ሲጠጡ ኳሱ ወረደ። ከሮቶው የሚመጣው ውሃ ቀጭን ስለሆነ ኋለኞቹ ብዙ ጠበቁ። በሙቀት ጊዜ አንድ ትልቅ በግ በቀን እስከ 10 ሊትር ሊጠጣ ይችላል፤ የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ፍላጎቷ ይብሳል።

አንድም አልሞተም። ሌሊቱ ቀዝቃዛ መሆኑ ጠቀማቸው። ሳናውቅ ወደ ኮረብታው ሌላ ጉዞ ሄደን ብንውልና ያ ቀን ሙሉ ቢያልፍ ኖሮ ግልገሎቹ አይተርፉም ነበር፤ ይህን ገበሬው በግልጽ ነገረኝ። አልተቆጣም። በዚያኛው የታጠረ ግጦሽ ያለው ፓምፕ ተበላሽቶ፣ መለዋወጫ እስኪመጣ በጎቹ በዚህ በር እየገቡ ከዚህኛው ገንዳ እንዲጠጡ አድርጎ ነበር። በሩን አስሮ ከሄደ በኋላ ለሦስት ቀን ወደዚያ የሚመለስበት ምክንያት የለውም። ያለውን ውሃና በር ሁሉ ዞሮ ለማየት ሙሉ ቀን ይፈጃል። በር ክፍት ከተወ ክፍት እንደሆነ አምኖ ሌላ ሥራ ይሠራል።

እረኛው ውሃው ነው

ከዚያ በኋላ ገበሬው አጎቴን ገንዳው ዳር አቁሞ ብዙ ነገር አሳያቸው፤ እኔ አስተረጎምኩ። በገንዳው ዙሪያ መሬቱ ምንም ቡቃያ የሌለበት መላጣ ነው። ራቅ ሲባል ቁጥቋጦው ይጀምራል። በጎች ከውሃ ብዙ አይርቁም፤ በሙቀት ወራት ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደው ይመለሳሉ። ስለዚህ አንድን ግጦሽ ማሳረፍ የፈለገ ገበሬ እዚያ ያለውን ውሃ ይዘጋል። በግ መሰብሰብ ሲፈልግም አንዳንድ ቦታ ገንዳውን በአጥር ከብቦ፣ በጉ ገፍቶ የሚገባበት ግን መውጣት የማይችልበት በር ያደርግለታል። በጎቹ ሊጠጡ በራሳቸው እግር ይሰበሰባሉ።

አጎቴ ሲሰሙ ቆዩና «እንግዲያው እረኛው ውሃው ነዋ» አሉ።

በጥያቄያቸው ጊዜ መልስ ያልኩት አጥር ነበር። አጥሩ በጉን ያግደዋል እንጂ አይመራውም። በመንዝ በጎቹን ጠዋት ወደ ሣር፣ ቀን ወደ ወንዝ፣ ማታ ወደ ጋጣ የሚወስድ ልጅ አለ። እኔም ያ ልጅ ነበርኩ። ያ ልጅ በሌለበት አገር ሥራውን የሚሠሩት ገንዳዎቹና በሮቹ ናቸው። አንዱን በር መዝጋት እረኛውን መንገድ ላይ ማሰር ነው።

ስለ ደንቡም የማስበውን ልናገር። ደንቡ ትክክል ነው። ግን ከአሥር ደንቦች መጨረሻ፣ ያለ ምክንያት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተነገረኝ። የውሻው ደንብ መርዙን ነገረኝ፤ የዛፉ ደንብ ቅርንጫፉን ነገረኝ፤ ሁለቱንም አከበርኩ። የበሩ ደንብ ከጀርባው ውሃ እንዳለ ቢነግረኝ ኖሮ ለአጎቴ እተረጉመው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሽቦውን ሲያዩ ያቆሙኝ ነበር። ይህን ለገበሬው ሚስት ነገርኳት። ካርታውን ተቀብላ በሮቹ አጠገብ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ውሃ» ብላ ጻፈችበት። ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የምትሄዱ ሰዎች ግን ሳይነገራችሁ ጠይቁ። የትኛው ገንዳ እየሠራ ነው? የትኛው በር ሆን ተብሎ ነው የተከፈተው? ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል።

ሽላቱ

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ገበሬው ወደ መሸለቻው ቤት ወሰደን። የሙክቶቹ ተራ ነበር። አራት ሸላቾች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ሆኖ በአራት ይከፈላል፤ በየመሐሉ ሻይና ምሳ አለ። የሚከፈላቸው በበግ ቁጥር ነው፤ ጎበዙ በቀን ከ150 በላይ ይሸልታል። ጃኪ ሃው የሚባል ሰው በ1892 ኩዊንስላንድ ውስጥ በእጅ መቀስ በአንድ ቀን 321 ሸልቷል። አጎቴ ይህን አላመኑም።

በግ በሸላቹ ፊት ዝም ይላል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። እንዴት ዝም እንደሚል ያየሁት ግን እዚያ ነው። ሸላቹ በጉን በቂጡ ያስቀምጠዋል፤ ጀርባው በሰውየው ጉልበት ላይ ያርፋል። አራቱም እግር ከመሬት ሲለቅ በጉ መታገሉን ይተዋል። መጀመሪያ ሆዱን፣ ከዚያ እግሩን፣ አንገቱን፣ ቀጥሎም ጀርባውን በረጃጅሙ ይሸልታል። ሱፉ ሳይበጣጠስ እንደ ጋቢ ተዘርግቶ ይወጣል። አንድ ወጣት አንስቶ በርብራብ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው፤ በአየር ላይ ተዘርግቶ አረፈ።

አጎቴ ጠጋ አሉና እጃቸውን ሱፉ ውስጥ ከተቱ። ከላይ የበረሃው ቀይ አቧራ ነው። ገለጥ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ፣ እንደ ወተት አረፋ። እጃቸውን ሲያወጡት በቅባት ወዝቷል። ዝም ብለው መዳፋቸውን አሻሹ። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፤ ከአንዱ በግ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሴቶቹ በእንዝርት ፈትለውት ባናና በርኖስ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላለው የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚሸጡበት ጊዜም እንደነበር አጫወቱን። ሜሪኖ ከሚባለው ከዚህ አገር የሱፍ በግ ግን አራትና አምስት ኪሎ ይወጣል። መጭመቂያው ሱፉን አምቆ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ቦንዳ ያደርገዋል፤ ከዚያ አብዛኛው ወደ ቻይና ነው የሚሄደው።

ልንወጣ ስንል ገበሬው አንድ እፍኝ ሱፍ በወረቀት ከረጢት ጠቅልሎ ሰጣቸው። አውሮፕላን ላይ ይዞ መግባት እንደሚያስቸግር ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ሱፉ አሁን እኔ ቤት፣ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ድንኳኑን ነቀልን። ከካምፑ እስከ ዋናው መንገድ ሰባት በር አለ። አጎቴ ከፊት ተቀመጡ፤ በየበሩ የሚወርዱት እሳቸው ሆኑ። መጀመሪያ ቆም ብለው ሰንሰለቱን ያያሉ። ከዚያ ይከፍታሉ፣ እናልፋለን፣ ይዘጋሉ፣ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ያደርጉታል። አምስተኛው በር ክፍት ነበር፤ ከአጥሩ ጋር በሽቦ ታስሯል። አጎቴ አልወረዱም። «እለፍ» አሉኝ። ቀስ ብዬ አለፍኩ፤ ልጄ ወደ ኋላ ዞራ በመስኮት ሽቦውን እያየች ነበር።